በኤፕሪል ፀሐይ የተታለለ ጓሮ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው ነው። «ጋሼ፣ አምና አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ቤት ገዛን። ጓሮ ሲኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሙቀቱ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ገዝቼ ተከልሁ። በሳምንቱ አንድ ጠዋት ሁሉም ጠቁሮ አገኘሁት። ከአገር ቤት የመጣ የሽንኩርት ዘርም ዘርቼ ነበር፤ ብይ አክሎ ቀረ። በሰመሩ በር ላይ የተከልነው ጥድ ደግሞ አሁን ማርች ሲገባ ቡናማ እየሆነ ነው። እናቴ መጥታ ጌሾና ጤና አዳም ካልተከልሽ ትለኛለች። ምን አጠፋሁ? ዘንድሮስ ከምን ልጀምር?»

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። እጅሽ ምንም አላጠፋም። መትከል ታውቂያለሽ፤ የሳትሽው ጊዜውን ነው። እኔም እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ የመጣሁት ሰውዬ፣ ልክ እንዳንቺ አንድ መደብ ሙሉ ቃሪያ ለውርጭ ገብሬያለሁ። ሃያ አራት ችግኝ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

አገር ቤት የገበሬው ሰዓት ዝናብ ነው። ሰኔ ይገባል፣ ይጥላል፣ ይዘራል። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ከደጋው ውርጭ በቀር፣ የሚጨነቅበት የለም። ሚኒሶታ ላይ ዝናቡ ቢቀር ቧንቧ ትከፍቺያለሽ። ሙቀቱን ግን የምትከፍቺበት ቧንቧ የለም። ስለዚህ እዚህ ሰዓቱ ውርጭ ነው፤ የመጨረሻው ውርጭ መቼ ሄደ፣ የመጀመሪያው መቼ ይመጣል። ሌላው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መሃል ይታጨቃል።

አንድ የቃል ጉዳይ ላጥራ። «ክረምት» ስንል ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እዚህ ስኖው፣ በረዶው፣ የሚወርድበት ነው። ግራ እንዳንጋባ የብርዱን ወቅት ዊንተር፣ የሙቀቱን ሰመር፣ ከዊንተር በኋላ ያለውን ስፕሪንግ፣ ከሰመር በኋላ ያለውን ፎል እያልኩ እቀጥላለሁ። ወሩንም በፈረንጅ እጠራዋለሁ፤ የዘር ፓኬቱም የሱቁም ሰው የሚያወሩት በዚያው ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ደጋ ያደገ ሰው ውርጭን ያውቃል። ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ ማታ ሲመጣ ገበሬው ይሰጋል። ያ ጥርት ያለ ሰማይ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ነው። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቀዋለች። ደመና ካለ ይዞ ይመልሰዋል፤ ከሌለ ሄደ። ሲነጋ ባቄላው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። አንቺም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቀኑ የቱንም ያህል ቢሞቅ ኤፕሪል ላይ ሌሊቱ የራሱ ሕግ አለው። ደግሞም ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ጓሮሽ ወደ አንድ ጎን የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ታችኛው ጫፍ ላይ ቃሪያ አትትከዪ። እዚያ ጎመን አድርጊበት።

ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያው ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ይጠበቃል። በመሃል አምስት ወር ገደማ አለሽ። የአካባቢው ሰው ቲማቲም ለመትከል የእናቶች ቀንን፣ የሜይን ሁለተኛ እሑድ፣ ይጠብቃል። እኔ ለቃሪያና ለበሶብላ እሱንም አላምነውም፤ ሜይ መጨረሻ ያለውን ሜሞሪያል ደይ እጠብቃለሁ። ጎረቤትሽ ቀድሞ ቢተክል አትቅኚ። ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሞቃት አፈር ላይ ያረፈ ቃሪያ፣ በብርድ ቆዝሞ የከረመውን ደርሶ ያልፈዋል። ታዲያ ሱቆቹ ለምን ኤፕሪል ላይ ያወጡታል ትይኝ ይሆናል። ስለሚሸጥ ነዋ! ሲሞትብሽ ደግሞ ተመልሰሽ ትገዣለሽ።

የአየሩን ትተሽ አፈሩን ጠይቂ። ወጥ ቤት ውስጥ ለሥጋ የምትጠቀሚበት ቴርሞሜትር ካለ ይበቃል። ማለዳ ቡናሽን ይዘሽ ውጪ። አራት ኢንች ያህል፣ እንደ መዳፍሽ ስፋት፣ ወደ አፈሩ ስደጂውና ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ሦስት አራት ቀን ደጋግሚው። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ፋራናይት ካሳየሽ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ይሆናል። 60 ሲደርስ ቲማቲም። 65 ሲደርስ ቃሪያና በሶብላ። ፓኬት ላይ ያለው ቀን ለብዙ ሺ ሰው የተጻፈ ነው፤ ይህ ግን የራስሽ ጓሮ ነው።

ሞቆም እርጥብ ከሆነ አትንኪው። አንድ እፍኝ ዘግነሽ ጨብጪ። እጅሽን ስትከፍቺ እንደ በሶ ጭብጦ ድቡልቡል ሆኖ ከተቀመጠ፣ በጣትሽ ስትነኪውም ካልፈረሰ፣ ገና ነው። እርጥብ የሸክላ አፈር ከተቆፈረ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ሰመሩን ሙሉ ስትታገይው ትከርሚያለሽ።

አፈር ካነሳን አይቀር ቤትሽ ስንት ዓመቱ ነው? ሴንት ፖል የአሮጌ ቤት ከተማ ነው። እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በአሜሪካ የታገደው 1978 ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ በግድግዳው ሥር ያለው አፈር ውስጥ የተፋቀው ቀለም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ልጆች ካሉሽ ይህን ቀላል አታድርጊው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ምርመራ ላብራቶሪ አለው። አፈርሽን በትንሽ ከረጢት ትልኪያለሽ፣ የእርሳስ ምርመራም ጨምሩልኝ ትያለሽ። ውጤቱ እስኪመጣ የሚበላ ነገር ከግድግዳው ራቅ አድርጊ፤ ወይም የእንጨት መደብ ሠርተሽ አዲስ አፈርና ብስባሽ ሙይበት። ከፍ ያለ መደብ በስፕሪንግ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይጠፈፋል። በብርድ አገር ያ ብቻውን ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ከሁሉም ጥያቄዎችሽ እኔን ደስ ያለኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የብርድ አይደለም። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ ሽንኩርት፣ የአገራችን ዘር እንደዚያ ነው፣ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን «ጊዜዬ ደረሰ» ብሎ መቋጠር ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሴንት ፖል 45ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነች በጁን 15 ሰዓት ተኩል ትደርሳለች፤ ሜይ ሲገባ እንኳ 14 ሰዓት አልፏል። ስለዚህ ያንቺ ሽንኩርት ሦስት ቅጠል እንዳወጣ ቀኑ ረዝሞ አገኘው። ሳይበላ ሳይጠጣ ተቻኮለና ብይ ሆኖ ቀረ። ምስኪን! ለዚህ አገር «ረጅም ቀን» የሚባለውን ዓይነት ግዢ። ቀይ ለወጥ ከፈለግሽ ሬድዊንግ የሚባለው ጥሩ ነው፤ ቤዝመንት ውስጥም ይቆያል። ችግኙን ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ብትተክዪ ቀላል ውርጭ አይጎዳውም። ያኔ ባየሽው የ75 ዲግሪ ሳምንት መትከል የነበረብሽ እሱን ነበር። ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ኤርፖርት ላይ ሳይናገሩ ማለፍ ቅጣት ያመጣል። ዘሩን ላመጣልሽ ሰው ንገሪ።

ጎመን የሚኒሶታ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ብርድ አይፈራም፤ እንዲያውም ውርጭ ሲነካው ስኳር ስለሚያጠራቅም ይጣፍጣል። እዚህ ኮላርድ የሚሉትና ኬል የሚሉት ሁለቱም ይሆኑሻል። የሐበሻ ጎመን ዘር ካገኘሽ በጣም ፈጣን ነው፤ ብቻ የጁን ረጅም ቀንና ሙቀት ሲመጣ አበባ ለማውጣት ይሮጣል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ዝሪ፦ አንዴ ኤፕሪል አጋማሽ፣ አንዴ ጁላይ መጨረሻ። የሁለተኛው ይበልጣል። ኖቬምበር ድረስ ስትቀነጥቢ ትቆያለሽ። የመጀመሪያው ካበበብሽም አትናደጂ፣ ተዪው ያፍራ፤ ጎመን ዘሩ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እናትሽ ያንን ካየች የጌሾውን ነገር ለጊዜው ትረሳልሻለች። ጠላቱ ነጭ ቢራቢሮ ናት። ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፣ አረንጓዴ ትል ይፈለፈላል፣ በሳምንት ወንፊት ያደርገዋል። ከተከላው ቀን ጀምሮ ስስ መረብ አልብሺው። ካየሻት በኋላ ማልበስ ሌባ ከገባ በኋላ በር መዝጋት ነው።

በርበሬ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ። ምክንያቱም ሁሉም ሐበሻ የሚፈልገው እሱን ነው፣ ሁሉም የሚበላሽበትም እሱ ላይ ነው። አረንጓዴ ቃሪያ ለመልቀም አምስት ወር ይበቃል። ቀልቶ፣ ደርቆ ዛላ እንዲሆን ግን አይበቃም። ስለዚህ ሰመሩን ከቤት ውስጥ መጀመር አለብሽ። ጊዜው አሁን ነው፤ ማርች አጋማሽ ላይ ዘሩን ዝሪ። ፍሪጅ ላይ ወይም የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ላይ አስቀምጪው፤ አፈሩ 80 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይለዋል። እስኪበቅል አሥር ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሞተ ብለሽ እንዳትደፊው።

እንደበቀለ ብርሃን ይፈልጋል። መስኮት አይበቃም። የማርች ፀሐይ በመስታወት አልፎ ሲመጣ ችግኙ አንገቱን አስረዝሞ ይፈልገዋል፤ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ ሲነኩት የሚወድቅ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ የሚሰቀለውን ተራ ኤልኢዲ መብራት ግዢና ከቅጠሉ ሁለት ሦስት ኢንች ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። በቀን 14 ሰዓት ይብራ። ችግኙ ሲያድግ መብራቱን ከፍ ከፍ። የማታ ማታ በእጅሽ ጫፍ ጫፉን ደባበስ አድርጊው፤ ነፋስ እንደነካው እየመሰለው ግንዱን ያጠነክራል። ልጆቼ ይህን ሥራ በጣም ይወዱት ነበር።

ሜይ አጋማሽ ላይ ማለማመድ ይጀመራል። ሰው የሚዘለው ይህችን ነው። ቤት ያደገ ችግኝ በአንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከወጣ ቅጠሉ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ። በማግስቱ ሁለት። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ። ከዚያ ነፋስ። በአሥር ቀን ውስጥ ውጭ ያድራል። ትሬውን ማውጣትና ማስገባት ወገብ ይቆርጣል፣ አውቃለሁ። የልጆች አሮጌ ጋሪ ካለሽ እሱ ላይ ደርድሪው፤ እኔ በመንታ ጋሪ ነው የማንሸራሽረው። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

ሜይ መጨረሻ ላይ ተክዪ። የቤቱ ደቡብ ግድግዳ ሥር ከሆነ ጥሩ፤ ግድግዳው ቀን ሞቆ ሌሊት ይመልስለታል። የአፈሩ ነገር ካሳሰበሽ አምስት ጋሎን የሚይዝ ጥቁር ማሰሮ ውስጥ ይሆናል፤ ጥቁሩ ቶሎ ይሞቃል። ሴፕቴምበር ላይ መቅላት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የአየር ትንበያውን እንደ እግር ኳስ ውጤት ተከታተዪ። ሌሊቱ 35 ዲግሪ ይሆናል ካሉ አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጊበት፣ መሬት ድረስ ይውረድ፤ የሚይዘው የምድርን ሙቀት ነውና እንደ ኮፍያ ጫፉ ላይ ብቻ ቢደፋ ዋጋ የለውም። ፕላስቲክ ቅጠል ሲነካ ያቃጥላል፣ ተዪው። የምር ውርጭ ሲመጣ ግን ተክሉን ከነሥሩ ነቅለሽ ጋራዥ ውስጥ ዘቅዝቀሽ ስቀዪው። መቅላት የጀመረው እዚያው ይጨርሳል። ጭልጥ ብሎ አረንጓዴ የሆነው አይቀላም፤ እሱን ለዳጣ አድርጊው። ለማድረቅ በፀሐይ ብቻ አትተማመኚ፤ የሴፕቴምበር አየር እርጥበት ስላለው ይሻግታል። የምግብ ማድረቂያ ማሽን 135 ዲግሪ ላይ አድርገሽ፣ ሲታጠፍ እስኪሰበር አድርቂው።

በሶብላ ከሁሉም ቅምጥል ነው። ከ50 ዲግሪ በታች ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ውርጭ እስኪመጣም አይጠብቅም። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ዝሪው፣ ጁን ላይ አውጪው። አበባ አበባውን እየቆረጥሽ ጥላ ውስጥ አድርቂ።

አሁን እናትሽ። ጌሾ ሚኒሶታ ላይ ውጭ ከርሞ አይተርፍም፤ ቁርጡን ንገሪያት። ግን በትልቅ ማሰሮ፣ ሥሩ ውሃ በማያቁር አፈር፣ በሰመር ውጭ በዊንተር ቤት፣ ለዓመታት ይኖራል። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም በውሃ አጥበሽ (ተባይ ይዞ ይገባል) ብርሃን ያለበት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል አስገቢው። በዊንተር ውሃ ቀንሺ። ማሰሮ ያበቀለው ጌሾ ለድግስ ጠላ አይበቃም፤ ለእናት ሆድ ግን ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኦክቶበር መጨረሻ ሴንት ፖል ውስጥ ወደ የትኛውም ጫካማ ፓርክ ብትሄዱ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ አንድ ቁጥቋጦ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ታገኛላችሁ። ባክቶርን ይባላል። የጌሾ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ጌሾ ራምነስ ፕሪኖይደስ፣ እሱ ራምነስ ካታርቲካ። ከአውሮፓ በ1800ዎቹ አጋማሽ ለአጥር ብለው አመጡት፣ ወፍ ፍሬውን በተነ፣ ዛሬ የግዛቲቱን ጫካ ወሮታል። በሕግ ከተከለከሉት አረሞች አንዱ ነው፤ መሸጥም መትከልም አይፈቀድም። አንዲት እናት ቅጠሉን ሸምጥጠው፣ አጥበው፣ አድርቀው «እግዜር ይስጠው፣ ጌሾ በነፃ!» ብለው ደውለውልኝ ያውቃሉ። ደግነቱ ገና አልጠመቁም ነበር። ካታርቲካ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሆድ የሚያስቀምጥ ነው። ጓሮሽ ጥግ ላይም ሳይኖር አይቀርም። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አጭር እሾህ ካየሽ፣ ቅርፊቱን ስትፍቂ ውስጡ ብርቱካንማ ከሆነ፣ ያው ነው። ትንሹ ከዝናብ በኋላ በእጅ ይነቀላል።

ጤና አዳም ይቀላል። እዚህ ችግኝ ቤት «ሩ» ብለው የሚሸጡት ከአገራችን ጤና አዳም ጋር የአጎት ልጅ ነው። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሽታው ግን ቡና ላይ ያው ነው። ብርድም ይችላል፤ ገለባ ካለበስሽው ብዙ ጊዜ ውጭ ይከርማል። የአገር ቤቱ ዓይነት ግን ማሰሮ ውስጥ ይሁን። በሁለቱም ላይ ተጠንቀቂ፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ይቋጥራል፣ ጠባሳውም ወራት ይቆያል። ስትቆርጪ ጓንት አድርጊ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት አርቂው። አገር ቤት ያለ ጓንት ስንቀነጥበው ኖረናል ትለኛለች እናትሽ። አገር ቤት አንድ ዘለላ ነው የምንቀነጥበው፤ ሰኔ ቀትር ላይ በሸሚዝ እጅጌ ተጎንብሰን ቁጥቋጦ አንከረክምም። ወላጆችሽ ከጉራጌ ወይም ከሲዳማ ከሆኑ ደግሞ ደስ የሚል ዜና አለ፦ ቀይ ቅጠል ያለው እንሰት እዚህ ለጌጥ ይሸጣል። በፎል ቅጠሉን ቆርጠሽ፣ ከነሥሩ ነቅለሽ፣ ቤዝመንት ጥግ አጋድሚው፤ ሜይ ላይ ይነሳል። ቆጮ አትጠብቂ።

ለፊት ለፊቱ ግቢ ረዘም ላለ ዕድሜ የምትተክዪው ነገር ላይ መለያውን አንብቢ። የግብርና ሚኒስቴሩ አገሩን በዊንተር ዝቅተኛ ቅዝቃዜ በቁጥር ከፋፍሎታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርዱ ይጠናል። 2023 ላይ በወጣው ካርታ ከተማችን በአብዛኛው 5ኤ ሆናለች። እኔ ግን አሁንም 4 የሚል ብቻ ነው የምገዛው። ካርታው አማካይ ነው፤ ዛፍ የሚገድለው አንድ ክፉ ሌሊት ነው። ጃንዋሪ 30፣ 2019 ጠዋት ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ላይ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ነበር። ያን ጠዋት ያፈላሁት ቡና ሽታ እንኳ ከወጥ ቤት የማይወጣ መስሎኝ ነበር።

ፍሬ ከፈለግሽ ፖም ተክዪ። ሃኒክሪስፕን ያወጣው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ 1991 ላይ፤ ለዚህ ብርድ የተወለደ ነው። ብቻውን አያፈራም፤ በአቅራቢያ ሌላ ዓይነት ፖም ያስፈልገዋል። አመድማ ግንድ ያለውን አሽ የሚሉትን ዛፍ ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ፤ አረንጓዴዋ ጥንዚዛ ሴንት ፖል ውስጥ ከተገኘች ከ2009 ጀምሮ እየጨረሰችው ነው። ከመቆፈርሽ በፊት 811 ደውዪ። በነፃ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን በቀለም ያሳዩሻል።

ስኖውን ጠላት አታድርጊው። ለሥር ጋቢ ነው። ስኖው ያለበሰው አፈር ራቁቱን ካደረው ይልቅ ይሞቃል። ችግሩ ከጋቢው ሥር ቮል የሚባል አጭር ጅራት አይጥ ዋሻ እየሠራ የወጣት ዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን መጋጡ ነው፤ ዙሪያው ከተላጠ ዛፉ አለቀለት። ኦክቶበር ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ሽቦ ግንዱ ዙሪያ አድርጊ፣ ጥቂት ኢንች አፈር ውስጥ ይግባ፤ ጥንቸል ስኖው ላይ ቆሞ ስለሚደርስ ከላይም ወደ ሦስት ጫማ ይሁን። ነጭ ሽንኩርትም የኦክቶበር ሥራ ነው። ፍሬ ፍሬውን ለያይተሽ፣ ሹሉን ወደ ላይ፣ ሁለት ሦስት ኢንች ጥልቀት፣ ከላይ አንድ ጋት ገለባ። ራስ እንዲቋጥር ብርዱ የግድ ያስፈልገዋል። ጁላይ ላይ ታወጪዋለሽ። የውጭውን ቧንቧም ያኔ ዝጊና ጎማውን ንቀዪ፤ የፈነዳ ቧንቧ ከጠቆረ ቃሪያ ይብሳል።

ቀረ ጥዱ። እሱን ብርዱ አይደለም የመታው፣ ጥማት ነው። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ ውሃ ይወስዳሉ። አፈሩ ግን በረዶ ሆኗል፤ ሥሩ የሚጠጣው የለም። እዚህ መሬቱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቀዘቅዝ ለማወቅ ከፈለግሽ፣ የቤት መሠረት 42 ኢንች ካልወረደ የከተማው ሕግ አይቀበልም። ሰመር ላይ የተተከለ ጥድ ሥሩ ገና ማሰሮው ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ፎል መሬቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሳምንት አንዴ አጠጪው፣ በደቡብና በምዕራብ በኩል እንጨት ተክለሽ ጆንያ ወጥሪለት። የእግረኛ መንገዱ ጨው ያለበትን ስኖውም እሱ ላይ አትከምሪ።

ለዘንድሮው ግን መጋዝ አታንሺ። ቡናማ የሆነውን ቅርንጫፍ ቅርፊት በጥፍርሽ ትንሽ ፋቂው። ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለ፤ ሜይ መጨረሻ ድረስ ጠብቂው። ደርቆ ቡናማ ከሆነ ያንን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጪ። ሦስት አራት ቦታ ፋቀሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ አብረን እናያለን።